ሆምስ ያላለውን ማን አስባለው?

እንደምን ዋላችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

እስቲ ሼርሎክ ሆምስን በሐሳባችሁ ሳሉት። መጽሐፉን ያነበበም፣ ፊልሙን ብቻ ያየም፣ ስሙን በወሬ የሰማም ይሳለው። ልገምት። ከፊትም ከኋላም ክንፍ ያለው፣ የጆሮ መሸፈኛው ወደ ላይ የታሰረ ባርኔጣ ደፍቷል። ቆልመም ያለ ፒፓ አፉ ላይ ሰክቷል። አንድ እንቆቅልሽ በፈታ ቁጥር ወደ ጓደኛው ዞር ይልና "ይሄማ ቀላል ነው፣ ውድ ዋትሰን" ይላል። ጓደኛው ዶክተር ዋትሰን ደግሞ ወፈር ያለ፣ ነገር ቶሎ የማይገባው፣ አፉን ከፍቶ የሚደነቅ የዋህ ሽማግሌ ነው።

አሁን መጽሐፎቹን እንግለጥ። አርተር ኮናን ዶይል ስለ ሆምስ 4 ረጃጅምና 56 አጫጭር ልቦለዶች ጽፏል። በ60ዎቹ ውስጥ "ይሄማ ቀላል ነው፣ ውድ ዋትሰን" የሚል ዐረፍተ ነገር አንድም ቦታ የለም። በ1893 በታተመ አንድ አጭር ልቦለድ ውስጥ ሆምስ "ውድ ዋትሰን" ይላል፤ ጥቂት መስመር ወረድ ብሎ ደግሞ "ቀላል ነው" ይላል። ሁለቱን ያጋባቸው ሌላ ሰው ነው። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የኛን እጠቅሳለሁ።) ባርኔጣውን ያደረገለት ሠዓሊው ሲድኒ ፓጄት ነው፤ ዶይል የጻፈው ሆምስ ወደ ገጠር ሲጓዝ ስለሚያደርገው ቆብ እንጂ ለንደን መሀል ደፍቶት ስለሚዞረው አይደለም። ቆልማማውን ፒፓ ያስለመደን ከ1899 ጀምሮ ሆምስን መድረክ ላይ የተጫወተው አሜሪካዊው ዊልያም ጂሌት ነው። ነገር የማይገባው ዋትሰን ደግሞ የሆሊውድ ልጅ ነው፤ ከ1939 እስከ 1946 በተሠሩት ፊልሞች ናይጄል ብሩስ የተጫወተው ሰውዬ።

እንግዲህ ሠዓሊውም፣ ተዋናዩም፣ ፊልም ሠሪውም የየድርሻቸውን ጨምረዋል። የነሱን አስተዋጽኦ ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ስማቸውም ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማወራው ስሙ የትም ስላልተጻፈው ስለ አራተኛው እጅ ነው፤ አንብቦ ዝም ማለት ስላልቻለው፣ ብዕሩን አንሥቶ ስለ ቀጠለው አንባቢ።

ፋን ፊክሽን የሚባለውን ነገር ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ አንባቢ የወደደውን መጽሐፍ ጨርሶ ሲዘጋው ታሪኩ አላልቅ ይለዋል። ገጸ ባሕርያቱን ይወስድና የራሱን ታሪክ ይጽፍባቸዋል። አይሸጠውም፤ እንደሱ ለወደዱት ሰዎች ያካፍለዋል። በ1967 አሜሪካ ውስጥ ስታር ትሬክ የተባለው የጠፈር ጉዞ የቴሌቪዥን ድራማ ወዳጆች ስፖካናሊያ የምትባል መጽሔት በእጃቸው እያባዙ በፖስታ ይላላኩ ነበር። ኢንተርኔት ሲመጣ ፖስታው ቀረ። ከ1998 ጀምሮ ፋንፊክሽን ዶት ኔት፣ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን የሚባሉት ድረ ገጾች ሥራውን ይዘውታል፤ ሁለተኛው በ2019 በሳይንስ ልቦለድ ዓለም ትልቅ ስም ያለውን የሁጎ ሽልማት ተሸልሟል። ስለ ታሪኩ ይህ ይበቃናል።

እኔን የያዘኝ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህን የአንባቢ ጽሑፍ ያነበበ ሰው ተመልሶ ዋናውን መጽሐፍ ሲገልጥ የሚያገኘው ያንኑ የድሮውን ገጸ ባሕርይ ነው ወይ? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። የሚገርመው ግን ለውጡ የሚመጣበት መንገድ ነው። ፋን ፊክሽን ደራሲው የተናገረውን እምብዛም አይሽርም። የሚገባው ደራሲው ዝም ባለበት ቦታ ነው። አንዴ ከገባ በኋላ ደግሞ መጠኑን ይለውጣል፤ በዋናው ላይ አንዴ ብቻ የተባለች ነገር በአንባቢዎች እጅ ሺህ ጊዜ ትባላለች።

ዶይል ራሱ በሩን በርግዶ ነው የከፈተው። በ1893 መጨረሻ ሆምስን ስዊዘርላንድ ውስጥ ከፏፏቴ ጫፍ ጥሎ ገድሎት ነበር፤ ተሰላችቶታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጂሌት ለመድረክ ሲያዘጋጀው "ሆምስን ልዳረው?" ብሎ ቴሌግራም ላከለት። መልሱ "ዳረውም፣ ግደለውም፣ ያሻህን አድርገው" የሚል ነበር። ከዚህ የሰፋ ፈቃድ የሰጠ ደራሲ እኔ አላውቅም።

ሰዎች ፈቃዱን ተጠቀሙበት። ዳሩት። ለማን? ለአይሪን አድለር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ በደንብ የሚታየው እሷ ላይ ስለሆነ። አይሪን አድለር በአካል የምትታየው በአንድ አጭር ልቦለድ ብቻ ነው፤ በጁላይ 1891 በወጣው የቦሂሚያው ቅሌት ውስጥ። የቦሂሚያ ንጉሥ ሊያገባ ነው። ቀድሞ ወዳጁ የነበረችው የኦፔራ ዘፋኝ አብረው የተነሡትን ፎቶግራፍ ይዛበታለች። ፎቶውን እንዲያስመልስለት ሆምስን ይለምነዋል። ሆምስ ቄስ መስሎ ይሄዳል፤ ደጃፏ ላይ የሐሰት ጠብ ያስነሣል፤ የቆሰለ መስሎ ተደግፎ ሳሎኗ ይገባል። ዋትሰን በመስኮት የጭስ ርችት ይወረውርና "እሳት!" ብሎ ይጮኻል። ሴትዮዋ ደንግጣ ፎቶው ወደተደበቀበት ስትሮጥ ሆምስ ቦታውን ያያል። አለቀ፤ ጠዋት መጥቶ መውሰድ ብቻ ነው የቀረው።

ማታ ሆምስና ዋትሰን ቤታቸው ደርሰው በሩን ሊከፍቱ ሲሉ ካፖርት የለበሰ ቀጭን ወጣት "ደኅና ይደሩ፣ ሚስተር ሼርሎክ ሆምስ" ብሎ ያልፋል። ሆምስ ድምፁን የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ ይላል፤ የማን እንደሆነ ግን አይመጣለትም። በማግሥቱ ንጉሡን ይዞ ሲሄድ ቤቱ ባዶ ነው። ወጣት መስላ እስከ ደጁ የተከተለችው እሷው ነበረች። በጠዋቱ ባቡር ከባሏ ጋር አገር ለቃለች። ባሏ የሕግ ሰው ነው፤ የተጋቡት ባለፈው ቀን ነው፤ ሆምስም የፈረስ አሳዳሪ መስሎ ሲሰልላቸው ተጎትቶ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ምስክር ሆኗል። (ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር እስቃለሁ። ዶይል ቀልደኛ ነው፤ ፊልሞቹ ይህን ይረሱበታል።)

ጥላለት የሄደችው ደብዳቤ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ። እንዲያ ማድረጌ ብልህነት ባይሆንም ደኅና ይደሩ አልሁዎትና ባሌን ላገኘው ሄድሁ ትለዋለች። ልብ በሉ፤ ሆምስን አሸንፋ፣ ደጁ ድረስ ሄዳ ተሳልቃበት፣ ከዚያ ቀጥታ የሄደችው ወደ ባሏ ነው። ዋትሰንም ገና በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ሆምስ ለአይሪን አድለር ፍቅር የሚመስል ስሜት እንዳልነበረው በማያሻማ ቃል ጽፏል።

ታዲያ ፍቅሩ ከየት መጣ? ከአንዲት ክፍተት። ንጉሡ ለሆምስ የኤመራልድ ቀለበት ሊሸልመው ሲል ሆምስ ቀለበቱን ትቶ የሴትዮዋን ፎቶግራፍ ጠየቀ። ለምን እንደጠየቀ አልተጻፈም። ለሽንፈቱ መታሰቢያ ይሁን፣ ለአክብሮት ይሁን፣ ዶይል ዝም ብሏል። አንባቢዎች በዚያች ዝምታ ውስጥ ቤት ሠሩባት። በ1962 ዊልያም ባሪንግ ጉልድ የሆምስን "የሕይወት ታሪክ" ልክ እንደ እውነተኛ ሰው አድርጎ ሲጽፍ ሁለቱን ሞንቴኔግሮ ላይ አገናኝቶ ልጅ አስወልዷቸዋል። ከዚያ በፊትም በኋላም ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሰዎች በደብዳቤ አቃጥለዋቸዋል፣ አጣልተው አስታርቀዋቸዋል፣ በባቡር ጣቢያ አለያይተው አስለቅሰውናል። ቅርብ ጊዜ የተሠሩ ፊልሞችም ይህንኑ ወርሰው ሴትዮዋን አንዴ ሌባ፣ አንዴ የወንጀለኛው የሞሪያርቲ ተላላኪ፣ ሁልጊዜ ግን የሆምስ ልብ ድክመት አድርገዋታል።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ወደ 1891ዱ ጽሑፍ ሲመለስ "ደኅና ይደሩ" የምትለው ቃል የመላፋት ቃል ሆና ትሰማዋለች። በሩ ላይ የቆመች ልቧ የተሰቀለ ሴት ያያል። የተጻፈችው ግን ሥራዋን ጨርሳ ወደ ባሏ የምትሄድ ሴት ናት። አንድም ፊደል አልተነካም፤ ሴትዮዋ ግን ተለውጣለች። እኔ ይህን ኪሳራ ነው የምለው። አይሪን አድለር ያሸነፈችው ሆምስ ስለማያስፈልጋት ነበር። ሕይወቷ በሱ ዙሪያ አይዞርም። እሷን ከሱ ጋር ያጋቡት ሰዎች ድሏን ነጥቀው ለሱ ነው የሰጡት፤ በፍቅር መሸነፍ ለወንድ ልጅ ሽንፈት አይባልማ።

እዚህ ላይ ብቆም ፋን ፊክሽን መጽሐፍ ያበላሻል የሚል ንግግር ይሆንብኝ ነበር። ዋትሰንን ካየነው ግን ነገሩ ይገለበጣል።

የ1887ቱ የመጀመሪያው ልቦለድ ሲከፈት የምናገኘው ዋትሰን ወጣት የጦር ሐኪም ነው። አፍጋኒስታን ውስጥ በማይዋንድ ጦርነት ትከሻውን በጥይት ተመቷል፤ ፔሻዋር ሆስፒታል ሳለ ደግሞ በታይፎይድ ተይዞ ለወራት ከሞት አፋፍ ደርሷል። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ እንግሊዝ አገር ዘመድ ሳይኖረው፣ በቀን 11 ሽልንግ ከ6 ፔንስ እየተቆረጠለት ለንደን ይገባል። ከሆምስ ጋር ቤት ሊጋራ ሲነጋገር ጉድለቱን ሲናዘዝ ጭቅጭቅ እንደማይወድ ይናገራል፤ ምክንያቱም ነርቩ ተነክቷል። ባልሆነ ሰዓት እነሣለሁም ይላል። በ1890 በወጣው በሁለተኛው መጽሐፍ ደግሞ ቁስሉ ከትከሻው ወደ እግሩ ወርዷል። ዶይል ረስቶታል እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም፤ የሆምስ ወዳጆች ግን በዚህች ቁስል ለአሥርት ዓመታት ተከራክረውባታል።

ይህ ሰው በሆሊውድ እጅ ወፍራም ቂል ሆነ። ከቂልነቱ ያወጡት እነማን ናቸው? የቢቢሲ የ2010ሩ ተከታታይ ድራማ ዋትሰንን ከጦርነት ቅዠት ሲባንን እያሳየ በመጀመሩ ትልቅ ድርሻ አለው። ሥራውን በብዛት የሠሩት ግን ፋን ፊክሽን ጸሐፊዎች ናቸው። "ነርቤ ተነክቷል" የምትለውን አንዲት ሐረግ ይዘው፣ ሌሊት የማይተኛ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ሽጉጡን ከመሳቢያ የማያርቅ ሰው ጻፉ። ሽጉጡ የነሱ ፈጠራ አይደለም፤ ዶይል ላይ ዋትሰን አሮጌውን የጦር ሜዳ ሽጉጡን ኪሱ ከትቶ የሚወጣበት ቦታ ብዙ ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ያላዩትን ገጽ አማተር ጸሐፊዎች አነበቡት። አሁን የመጀመሪያውን መጽሐፍ ብትከፍቱ "ባልሆነ ሰዓት እነሣለሁ" የምትለውን እንደ ስንፍና አትወስዷትም።

ስለ መጠን ያልሁትንም እዚሁ ላሳያችሁ። በ1924 በታተመ አንድ ታሪክ ውስጥ ዋትሰን ጭኑን በጥይት ይመታል። ሆምስ ተኳሹን በሽጉጥ እጀታ ጥሎት ወደ ጓደኛው ይሮጣል፤ ስለ እግዚአብሔር ብለህ አልተጎዳሁም በለኝ ይለዋል፤ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። ዋትሰንም ከዚያ ቀዝቃዛ ፊት በስተጀርባ ያለውን ታማኝነትና ፍቅር ለማወቅ አንድ ብቻ ሳይሆን ብዙ ቁስል ቢቆስሉለትም አይቆጭም ብሎ ይጽፋል። ቁስሉ ቀላል ነበር። በ60 ታሪክ ውስጥ ሆምስ እንዲህ የሚሆነው እዚህ ቦታ ነው። ግማሽ ገጽ አትሞላም።

በፋን ፊክሽን ዓለም ግን ይህች ግማሽ ገጽ መዲና ናት። ዋትሰን ስንት ጊዜ እንደቆሰለ፣ ሆምስ ስንት ሌሊት አልጋው አጠገብ እንዳደረ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም። አንዳንዱ ጸሐፊ ነገሩን እንደ ወንድማማችነት ይወስደዋል፤ በጣም ብዙው ደግሞ ሁለቱን ወንዶች ፍቅረኞች ያደርጋቸዋል። የትኛውንም ብታነቡ ውጤቱ አንድ ነው፤ አንዴ የተሰነጠቀው ጭምብል ሁልጊዜ የተሰነጠቀ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ሆምስ ዋትሰንን ሲያመናጭቅ የምናየው የሚያመናጭቅ ሰው ሳይሆን ፍቅሩን የሚደብቅ ሰው ነው። ምናልባት ልክ ነን። ግን ዶይል አንዳንድ ቀን በቃ ባለጌ ሰው ሊያሳየን ፈልጎ ቢሆንስ? ሆምስ ባለጌ የመሆን መብቱን አጥቷል፤ እኛ ስለምንወደው ይቅር እንላለን፣ ምክንያትም እንፈልግለታለን።

ይቅር ባይነት የዚህ ጽሑፍ ዓይነት ትልቁ ጠባዩ ነው እላለሁ። ሃሪ ፖተርን ያነበባችሁ ድራኮ ማልፎይን ታውቁታላችሁ። በመጀመሪያዎቹ መጽሐፎች ላይ በአባቱ ሀብትና ዘር የሚኩራራ፣ ደካማ የሚያጠቃ ልጅ ነው። ፋን ፊክሽን ጸሐፊዎች ግን ቀልደኛ፣ ቆንጆ፣ በአባቱ የተጎዳ አደረጉት። በ2005 ስድስተኛው መጽሐፍ ሲወጣ ድራኮ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲያለቅስ ታየ። ለዓመታት ለስላሳውን ድራኮ ሲያነብ ለኖረ ሰው ይህ እንባ "ብዬ ነበር!" የሚያሰኝ ማስረጃ ነው። ሌላውን ያላነበበ ሰው እዚያው ገጽ ላይ ያየው ከአቅሙ በላይ የሆነ ክፉ ሥራ የተሸከመና የፈራ ልጅ ነው። ደራሲዋ ራሷ በኋላ ብዙ ልጃገረዶች ከድራኮ ፍቅር መያዛቸው እንደማያስደስታት በይፋ ተናግራለች። የሰማት ግን ጥቂት ነው። ምን ያድርጉ፣ እነሱ የወደዱት የሷን ድራኮ አይደለም።

ደራሲ እንዲህ ሲናደድ የመጀመሪያዋ አይደለችም። ከሁሉም የምወደው የስፔናዊውን ደራሲ የሰርቫንቴስን ንዴት ነው። ዶን ኪኾቴ አንደኛ ክፍል በ1605 ወጣ፤ አገር አወቀው። ሰርቫንቴስ ሁለተኛውን ክፍል እየጻፈ ሳለ በ1614 አቬያኔዳ በሚል የብዕር ስም የተደበቀ ሰው የራሱን ሁለተኛ ክፍል አሳትሞ ቀደመው። ማንነቱ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ይኼኛው ዶን ኪኾቴ የልቡን እመቤት ዱልሲኔያን መውደድ ትቷል። (አቬያኔዳ የሠራው ለገበያ ነው፤ ከዛሬዎቹ ጋር ሙሉ በሙሉ አላመሳስለውም። የሆነው ግን ያው ነው።)

ሰርቫንቴስ ምን አደረገ መሰላችሁ? በ1615 ባሳተመው በራሱ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ዶን ኪኾቴን አንድ እንግዳ ማረፊያ አሳድሮ፣ በስሱ ግድግዳ በኩል ጎረቤቶቹ ያንን የሐሰት መጽሐፍ ሲያነቡ አሰማው። ዶን ኪኾቴ ዱልሲኔያን ረሳ ሲባል ሰምቶ ከመቀመጫው ይነሣል። የሐሰተኛው ሰውዬ ሳራጎሳ ከተማ መሄዱን ሲሰማ እሱም ሊሄድ ያሰበበትን ሳራጎሳ ትቶ መንገዱን ወደ ባርሴሎና ያዞራል። በኋላ ደግሞ ከሐሰተኛው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ አውጥቶ መንገድ ላይ ያገናኘውና፣ "ያ የማውቀው ዶን ኪኾቴ ይኼ አይደለም" ብሎ በዳኛ ፊት ቃሉን እንዲሰጥ ያደርገዋል። በጽሑፍ! በመጨረሻም ሌላ ሰው እንዳያስነሣው ገደለው።

ሰርቫንቴስ ሐሰተኛውን ከሚወቅስባቸው ነገሮች አንዱ የዶን ኪኾቴን አገልጋይ የሳንቾን ሚስት ስም ማሪ ጉቴሬዝ ብሎ መሳሳቱን ነው፤ ስሟ ቴሬሳ ነው ይላል ዶን ኪኾቴ በቁጣ። ችግሩ ግን ማሪ ጉቴሬዝ የሚለው ስም በ1605ቱ በራሱ በሰርቫንቴስ መጽሐፍ ላይ መኖሩ ነው። ሌባው ከባለቤቱ የተሻለ አስታውሷል። እኔን የሚያስገርመኝ ደግሞ ውጤቱ ነው፤ ደራሲው ሐሰተኛውን ሊያጠፋው ሲታገል የራሱን ዶን ኪኾቴ መንገድ አስለወጠው። ዛሬ ባርሴሎና ባሕር ዳርቻ ላይ ተሸንፎ የሚወድቀውን ዶን ኪኾቴ የምናውቀው በዚያ ሰርጎ ገብ ምክንያት ነው።

ቆይ፣ አንባቢ ሞኝ ነው ወይ፣ የትኛው ከየት እንደመጣ አያውቅም ወይ ልትሉ ትችላላችሁ። ሲያነብ ያውቃል። በኋላ ነው የሚጠፋበት። ማርሻ ጆንሰን የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ1993 ባወጣችው ታዋቂ ጽሑፍ እንዳስረዳችው፣ አእምሯችን ነገሩንና ነገሩን ያገኘበትን ቦታ አንድ ላይ አሥሮ አያስቀምጥም። ከየት እንደሰማነው የምንወስነው ስናስታውስ ነው፤ በግምት። የገባን ሥዕል ግልጽና ዝርዝሩ ብዙ ከሆነ እውነተኛው ምንጭ ይመስለናል። ፋን ፊክሽን ደግሞ ዝርዝር ላይ አይታማም። ዶይል በሦስት ቃል ያለፈውን ክፍል እነሱ መጋረጃው ምን ዓይነት ጨርቅ እንደሆነ፣ እሳቱ ላይ ምን እንደተጣደ ይነግሯችኋል። በሁለተኛ ደረጃ እርስ በርስ ይነባበባሉ። አንዱ የፈጠረውን ሌላው እንደታወቀ ነገር ይወስደዋል፤ ሦስተኛው ሁለቱ ላይ ያየው እንግዳ አንባቢ ዋናው ላይ ያለ መሆኑን አይጠራጠርም።

እኛ ጋ ይህን ለማየት ፋን ፊክሽን አያስፈልገንም። ፍቅር እስከ መቃብርን በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ በሬዲዮ የሰማ ሰው መጽሐፉን ሲያነብ በማን ድምፅ ነው የሚያነበው? ሐዲስ ዓለማየሁ የፊታውራሪ መሸሻን የድምፅ ቃና አልጻፉም፤ ሊጽፉም አይችሉም ነበር። ያንን ዝምታ ወጋየሁ ሞላው፤ አሳምሮ ስለሞላው ማንም ቅር አይለውም። ጉዱ ካሳ የሚለውም ስም ከመጽሐፉ ወጥቶ ሰፈር ውስጥ ከሰው ሁሉ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው መጠሪያ ሆኗል። ሰፈር ውስጥ ስሙ አንዳንዴ በፈገግታ ነው የሚጠራው። መጽሐፉ ላይ ያለው ካሳ ግን የሚያስቅ ሰው አይደለም፤ የሚናገረው በጣም መራራ ነገር ነው።

ሰዓቱ ሳያልፍብኝ አንድ ነገር አብረን እንሥራ።

ዶይል በ1903 ሆምስን ከሞት ሲያስነሣው ሦስቱን የጠፋባቸውን ዓመታት በአንድ አንቀጽ ነው ያለፋቸው። ሆምስ ሲገርሰን የሚባል ኖርዌያዊ አሳሽ ነኝ ብሎ ቲቤት ሁለት ዓመት ተቀምጧል፣ ፋርስን አቋርጧል፣ መካን አይቷል፤ ከዚያም ካርቱም ላይ ኸሊፋውን ለአጭር ጊዜ ጎብኝቶ ያገኘውን ለእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አስተላልፏል። በቃ። ለንደን ላይ ያነበበ ሰው በዚህች መስመር ላይ አይቆምም። እናንተ ግን ትቆማላችሁ። ኸሊፋው ማነው? ኸሊፋ አብዱላሂ ነው፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ አፄ ዮሐንስ የወደቁት ከእሱ ሠራዊት ጋር ሲዋጉ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደርቡሾች ጎንደርን አቃጥለው ብዙ ሰው ማርከው ወስደዋል። የኸሊፋው መቀመጫም በእውነቱ ካርቱም አልነበረም፤ ከወንዙ ማዶ ኦምዱርማን ነበር። ዶይል እዚህ ላይም እንደ ዋትሰን ቁስል ተዘናግቷል።

ዝምታው ሰፊ ነው፤ እንግባበት። ኦምዱርማን፣ የአንድ ሹም ግቢ። ረጅም፣ ቀጭን ፈረንጅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ከጎንደር የተማረከች ሴት ውኃ ታቀርብለታለች። ፈረንጁ እጇን ያይና በዐረብኛ "የእጅሽ ጠባሳ የምጣድ ነው፤ እዚህ ደግሞ እንደዚያ ዓይነት ሰፊ ምጣድ አይጣድም። ከደጋ ነሽ፤ ከመጣሽም አምስት ዓመት አልሞላሽም" ይላታል። ሴትዮዋ ማሰሮውን አስቀምጣ ታየዋለች። "እርስዎም ነጋዴ አይደሉም" ትለዋለች። "ነጋዴ ዋጋ ይጠይቃል። እርስዎ ከመጡ ጀምሮ የጠየቁት የመድፉን ብዛት ነው።"

ይኸው ነው። አራት አምስት ዐረፍተ ነገር። ዶይል የጻፈውን አንዱንም አልሻርንም፤ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን እሱ ራሱ ነው ያመጣው። በ1898 እንግሊዞች በኪችነር መሪነት ኦምዱርማንን በመድፍና በመትረየስ ሲይዙት ሆምስ ያስተላለፈው መረጃ ምን ጠቀማቸው? ዶይል ይህን አልጠየቀም። አሁን የጠየቅነው እኛ ነን። ከዚህ በኋላ ያንን አንቀጽ ስታነቡ የለንደኑን መርማሪ ብቻ አታዩም፤ የመንግሥቱን ሰላይ ታያላችሁ፤ ከፊቱ ደግሞ ማሰሮ የያዘች፣ እሱን ያነበበች ሴት ቆማለች።

የሷ ነገር በኔ በኩል ልክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አይሪን አድለር የተወሰደባትን ድል ለሌላ ሴት መልሼ መስጠቴ ይሆናል። ግን እኔም ከሰዎቹ የተለየሁ አይደለሁም። ምጣዱን ዶይል አልጻፈውም፤ የመድፉንም ጥያቄ አልጻፈውም። አንዳችሁ ከወራት በኋላ ለጓደኛችሁ ሆምስ ሱዳን ሄዶ መድፍ ሲቆጥር በአንዲት ጎንደሬ ተነቃበት ብላችሁ ማውራታችሁ አይቀርም። ጓደኛችሁ የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው ብሎ ከጠየቃችሁ፣ 60ውንም ፈልጎ እንዳይደክም ንገሩት።

ማይክሮፎኑ በግራ በኩል ነው። ጥያቄ ያላችሁ ጀምሩ።